የእሺ ጣዕም

ቡና ቀማሽ ሲቀምስ ድምፅ ያሰማል። ከስኒው በማንኪያ ጨለፍ ያደርግና ከንፈሩ ላይ አድርሶ በአንድ ትንፋሽ «ሽርርጵ» አድርጎ ይስበዋል፤ ቡናው ምላሱና ላንቃው ላይ እንደ ካፊያ እንዲበተንለት። እናቱ ቤት እንዲህ ቢያደርግ ኩርኩም አይቀርለትም ነበር። ጅማ ከተማ ውስጥ ግን በዚህ ድምፅ እንጀራውን የሚበላ ሰው አለ።

ጠረጴዛው ላይ ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት አምስት ስኒ ተደርድሯል። ናሙናው ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ በኮድ ነው የሚቀርበው። ቀማሾቹ ይዞራሉ፣ ይስባሉ፣ ይተፋሉ፣ ይጽፋሉ። አይነጋገሩም። ሁሉም ነጥቡን ጽፎ እስኪጨርስ ግንባር መቋጠር እንኳ ነውር ነው፤ የአንዱ ግንባር የሌላውን ምላስ ያሳስታል። ወረቀት ከወረቀት የሚተያየው ከዚያ በኋላ ነው። ከናሙናዎቹ በአንደኛው፣ ከአምስቱ ስኒ በሁለቱ ውስጥ፣ የሆነ የኮመጠጠ፣ ጠላ ጠላ የሚል ነገር አለ። አንጋፋው ቀማሽ ማንኪያውን አስቀመጠና «አድሯል» አለ።

እሸቱ ሳይፈለፈል በኬሻ ውስጥ አድሯል ማለቱ ነው። ሰውየው የቀመሰው ግን ከዚያ በላይ ነው። ከሳምንታት በፊት፣ በሆነ የማጠቢያ ጣቢያ፣ የሥራ ባልደረቦች ተነጋግረው ሳይግባቡ መቅረታቸውን ነው የቀመሰው። ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለመግባባት መዝገብ ቤት ይገባል፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ በግልባጭ ይበተናል፣ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ይረሳል። ቡና እንዲህ ያለ መዝገብ ቤት የለውም። የሆነውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጌራ በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ ቀይ እሸት ይለቀማል። ቀን የተለቀመው ማታ ማጠቢያ ጣቢያ ይገባል፤ በዚያው ዕለት ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ መውረድ አለበት። ካደረ ኬሻው ውስጥ ይግላል፣ ስኳሩ መፍላት ይጀምራል፤ ጠላው የሚጠነሰሰው እንግዲህ እዚያ ነው። ስለዚህ የማጠቢያ ጣቢያ ሥራ የሌሊት ሥራ ነው፤ የሌሊት ሥራ ደግሞ የስልክ ሥራ ነው። ሰብሳቢው ለሾፌሩ፣ ሾፌሩ ለመዛኙ፣ መዛኙ ለማሽን ሠራተኛው፣ ሁሉም ለማናጀሩ ይደውላል።

አንድ ጣቢያ እንውሰድ። ስሙ ምንም ይሁን፤ እንዲህ ያለ ሌሊት ያላሳለፈ ጣቢያ ካለ እጁን ያውጣ። ሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ማናጀሩ ከሰዓት በኋላ «መኪና በ3 ይገባል። ሰው ይዘጋጅ» ብሎ ይጽፋል። ከመልእክቱ በላይ የመዛኙ ልጅ የምርቃት ፎቶ አለ። ከሥሩ፣ ዕለቱ ዓርብ ነውና፣ «ጁምዓ ሙባረክ» ከነአበባው ይከተላል፤ ለእሱም ስምንት «አሚን» ተሰልፏል። ከአሚኖቹ ቀጥሎ የወደቀ መንጃ ፈቃድ ተለጥፏል፤ ባለቤቱን የምታውቁ ተባበሩ። አራት ሰዎች አውራ ጣት ልከዋል። አውራ ጣቱ ለመኪናው ይሁን ለተመራቂው ልጅ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

በ3። በየትኛው ሦስት? ማናጀሩ ያሰበው የማታውን ነው። የማሽን ሠራተኛው የጠዋቱ መስሎት ቤቱ ገብቶ ተኛ። አዲስ አበባ ያለው የላኪው ወኪል ደግሞ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ «እስካሁን አልገባም?» እያለ ሲደውል አመሸ። አንዲት 3 ለሦስት ሰው ሦስት ቦታ ተከፈለች። አይሱዙው ግን አንድ ነው፤ ማታ በሦስት ሰዓት መጥቶ በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ብቅ ያለው ጥበቃው ብቻ ነበር። «ጠዋት ነው የተባለው» አለ። ሾፌሩ ኬሻውን አራግፎ፣ ኪሎውን ነገ ተነጋገሩ ብሎ ሄደ። ጥበቃው በቅንነት ክምሩን ሸራ አለበሰው፤ እንዳይበርደው።

ጠዋት ማናጀሩ ሸራውን ገልጦ እጁን ሰደደ። ኬሻው አሁን ከምጣድ እንደወረደ ድፎ ዳቦ ትኩስ ነው። ሰው ሰበሰበ።

«በ3 ብዬ ደውዬም አልነበረም?»

«ደውለዋል።»

«እሺ አላላችሁም?»

«ብለናል።»

ምርመራ የሚያስፈልገው እንግዲህ ይህ እሺ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያለው ሰው ቡና መዝኖ አያውቅም፤ የዚያ ሌሊት እሺ ከሺ ኪሎ በላይ በልቷል። እሺ ማለት ተስማምቻለሁ ማለት እንደሆነ የሚያስተምረው መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። ሥራ ቦታ ላይ አንዱ እሺ ሲል «ድምፅህ ተሰምቶኛል» ማለቱ ነው፤ ስለ ጉዳዩ ገና አላሰበም። ሌላው እሺ ሲል «አሁን ስልኩን ዝጋልኝ፣ እጄ ጭቃ ነው» ማለቱ ነው። ተደጋግማ «እሺ እሺ እሺ» ከሆነች ተናጋሪው ከአለቃው ፊት በአካል ባይሆንም በመንፈስ ወጥቷል። ጫፏን ረዘም አድርጎ «እሺይ…» ያለ ሰው አይሆንም ብሏል፤ በአማርኛ ትልቅ ሰውን አይሆንም ማለት የሚቻለው በዚህ ዜማ ነው። «እሺ፣ ነገ» ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማብራሪያ አይሻም። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ቤት ያምራል። አርባ ኬሻ እሸት ጭኖ በር ላይ ለቆመ አይሱዙ ግን ሰሙን ከወርቁ የሚለይለት ባለቅኔ ከየት ይመጣል?

በቃል እንኳ የማትወጣ እሺም አለች። አገሬው ሲስማማ ትንፋሹን ወደ ውስጥ «ህእ» ብሎ ይስባል፤ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ይህ ከመሐላ አይተናነስም። ከውጭ የመጣ ቡና ገዢ ግን ያናገረው ሰው የደነገጠ መስሎት ዞር ብሎ ኋላውን ያያል። ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ሾፌሩ «ሠላሳ ኬሻ ነው፣ ሰማህ?» ይላል፤ መዛኙ ትንፋሹን ስቦ በሙሉ ልቡ ይስማማል፤ ሾፌሩ «ሄሎ? ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ» ብሎ ይዘጋል። ሁለቱም ግዴታቸውን ተወጥተዋል።

በእንዲህ ያለ ቃል የከፋው ጥፋት የደረሰው ግን እኛ ዘንድ አይደለም። በማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ቴነሪፍ፣ ጭጋግ በዋጠው አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኬኤልኤም አብራሪዎች ለመነሳት መዘጋጀታቸውን ለማማው ተናገሩ። ማማው «ኦኬ» አለ። ቀጥሎ «ጠብቁ፣ እንጠራችኋለን» ብሎ ነበር፤ ይህኛው በሌላ የሬዲዮ ድምፅ ተደፈነና ከአብራሪዎቹ ጆሮ በቅጡ ሳይደርስ ቀረ። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ መንገዱ ላይ ከነበረው የፓን አም አውሮፕላን ጋር ተላተመ። 583 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ የበረራ ሰዎች «መነሳት» የምትለዋን ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር አያነሷትም፤ አብራሪም እሺ ብሎ አያልፍም፤ የታዘዘውን ራሱን መልሶ ይናገራል። ወደ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው አብራሪም እንደዚሁ ነው፤ ቁጥሩን በቁጥር ይመልሳል። ከማረፊያው ወጥቶ ባጃጅ ሲይዝ ነው ወደ እሺ የሚመለሰው።

የምርት ገበያው ሰዎችም በራሳቸው መንገድ ነቅተው ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግብይቱ በጩኸት ነበር፤ ገዢና ሻጭ ዋጋ እየተጣሩ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ «ጧ» ያደርጋሉ። ያች ጧ አትተረጎምም፣ አትረዝምም፣ ነገ አትባልም። በኋላ ኮምፒዩተር መጣና ጧታው ቀረ። በሶማሌ ክልል የከብት ገበያ ደላሎችም በጨርቅ ሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ዋጋ ይጨርሳሉ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ።

ታዲያ ማጠቢያ ጣቢያው ላይ «የነገርኩህን ድገምልኝ» ማለት ለምን አቃተ? ማናጀሩ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ዲግሪ አለው፣ ወንበሩ ገና አልሞቀም። መዛኙ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ ፈረሱላ ሲቆጥር የኖረ ሽማግሌ ነው፤ አሥራ ሰባቱን ኪሎ በክንዱ አንስቶ ሳይመዝን ይነግርሃል። ልጁ ሽማግሌውን «ድገሙልኝ» ቢል እንደ ተማሪ ፈተናቸው ይባላል። ሽማግሌው ልጁን «የትኛው ሦስት?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ አርጅቷል፣ አይሰማም ይባላል። አንዱ ለክብሩ፣ ሌላው ለጡረታው ሲሉ ሁለቱም ዝም። ክብር መሐላቸው ተቀምጦ ስልኩን ያዘባቸው።

በዚህ ላይ ቋንቋው አለ። የጅማ ሥራ ቦታ ላይ ኦሮምኛውም አማርኛውም፣ ዳውርኛውም ከፍኛውም፣ የምኛውም ጉራግኛውም በአንድ ሚዛን ዙሪያ ይገናኛሉ። ሰው «ኦቦ» ወይም «አዴ» ብሎ በኦሮምኛ ይጣራና ጉዳዩን በአማርኛ ይጀምራል፤ ሲናደድ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል፤ ቁጥር ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛ ያስገባል። ብዙ ጊዜ በሰላም ያልፋል። ከአዲስ አበባ አዲስ የተመደበ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «ዛሬ የገባው ቡና እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተረካቢው ፊቱ በርቶ «ጋሪ!» ይለዋል። በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ግን የትራንስፖርት ወጪውን ከአይሱዙ ወደ ፈረስ ጋሪ አዛውሮ ቢመዘግብ ማን ይፈርድበታል?

የሥራ ባልደረቦችን መግባባት በትምህርት መልክ የሞከሩም አሉ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት፣ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ የመላክ ልማድ ከጤናው ወገን ይዞ ገባ። የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ይሰማራሉ። ዶክተር ሊሆን የተቃረበውና ላብ ቴክኒሺያን ሊሆን የተቃረበው በአንድ ቤት ይከርማሉ፤ አንዱ የሌላውን ጽሕፈት ማንበብ የሚማረው እዚያ ነው። (የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሊሆን ይገባው ነበር።) ተማሪው ቤት ለቤት ሲዞር ደግሞ ቅጹን ዘርግቶ «ስንት ልጅ አለዎት?» ይላል። እናትየዋ «አላህ ይመስገን፣ አሉ» ትላለች። ደግሞ ይጠይቃል። «አሉ።» ልጅ እንደ ከብት አይቆጠርም፣ ዓይን ይበላዋል ብላ ነው። ቅጹ ላይ «አሉ» የሚል ሳጥን የለም። ብልጡ ተማሪ እርሳሱን ኪሱ ይከትና «የበኩሩ ስም ማን ነው? ከእሱ ቀጥሎስ?» ብሎ ይጀምራል፤ ስም እየጻፈ ቁጥሩን ያገኛል።

ቀማሾቹ ጋ እንመለስ፤ እነሱም ቋንቋ ሲቸግራቸው ኖሯል። በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ልዩ ቡና ማኅበር የጣዕም ክብ የሚባል ባለ ቀለም ሠንጠረዥ አወጣ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ታድሷል። ዓለም ስለ ቡና በአንድ ቋንቋ እንዲያወራ ነው ሐሳቡ። ክቡ ላይ ብሉቤሪ አለ። ጅማ ተወልዶ ያደገ ቀማሽ ብሉቤሪን በዓይኑ ሳያይ በምላሱ ሊያውቃት ግድ ሆነ። እሱ የሚያውቀው አጋም ነው፣ እንጆሪ ነው፣ ኮክ ነው። ጃፓን ያለው ገዢ ደግሞ አጋም ቢባል ምን ይገባዋል? ስለዚህ አንዱ የሌላውን ፍሬ በእምነት ተቀበለ፤ ቀማሹ አጋሙን በልቡ ይዞ «ብሉቤሪ» ብሎ ይጽፋል፣ ገዢውም ብሉቤሪ ያገኛል። እውነት ለመናገር በዚህ ሁሉ የቡና ሰንሰለት ውስጥ ከዚህ የተሻለ መግባባት ያለ አይመስልም፤ አንደኛው ወገን ፍሬውን አይቶት ስለማያውቅ ተጠንቅቆ ነው የሚናገረው።

የቡና ተመራማሪዎች ደግሞ ስም ማውጣት ሲሰለቻቸው ቁጥር ይሰጣሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ፍሬውን እያጠቆረ ሲጥለው፣ በሽታውን የሚችሉ እናት ዛፎች ከየጫካው ተፈለጉ። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎች 74110፣ 74112፣ 74165 እየተባሉ ተጠሩ፤ ሰባ አራት የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት መሆኑ ነው፤ የተቀረው አገር ዓመቱን በአብዮት ሲያስታውሰው መልኮ በችግኝ ያስታውሰዋል። ገበሬው ይህን ቁጥር ሰምቶ እንደየአፉ ይጠራዋል። ሰባ አራት፣ መቶ አሥር የሚለው አለ፤ ሰባ አራት ሺህ ብሎ እንደ ብር የሚቆጥረውም አይጠፋም። ችግኝ ጣቢያ ላይ «ያቺ ቁመቷ አጠር ያለችው» ሲል ግን ሁሉም ይግባባል።

አጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነገር በዚህ ወሬ ውስጥ ሊዘለል አይችልም። ስሙ በኦሮምኛ ከድህነት መውጣትን፣ መክበርን ይናገራል። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው «ጅማ 5» በምትባል፣ ማንም ስሟን በኩራት በማያነሳት ያልታጠበ ቡና ደረጃ ነበር። ዱሮሚና ማጠቢያ ተክሎ ብዙም ሳይቆይ በ2012 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር የአፍሪካ ምርጥ ቡና ተብሎ ተሸለመ። ዛፉ ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ነው። የተለወጠው አለቃቀሙና አስተጣጠቡ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ብዙው ነገር ወሬ ነው፤ ማን ለማን ምን እንዳለ፣ እንዴት እንዳለ።

ለምሳሌ «ቀይ ብቻ ልቀሙ» የሚለውን ትእዛዝ እንይ። ለቃሚው «እሺ» ይላል፤ ማታ ኬሻው ሲገለበጥ ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ የደረቀ ጀንፈል አለ፣ ቅጠልም አለ። ዋሸ? አልዋሸም። የእሱ ቀይ ሰፊ ነው። ደህና የሚሠሩ ጣቢያዎች ይህን ክርክር ትተው አንድ እፍኝ ልከኛ እሸት ሚዛኑ አጠገብ ያስቀምጣሉ፤ ገበሬው ያመጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ እፍኙን እያየ፣ ያልደረሰውን በገዛ እጁ ይለያል። አንድም ስብከት የለም። የቅምሻው ውጤት ወደ ገበሬው ሲመለስ ደግሞ የበለጠ ይሠራል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ያበቀለ ሰው የራሱ ቡና ኮድ ተሰጥቶት፣ በማንኪያ ተስቦ፣ ምን እንደተባለለት ይሰማል። «አድሯል» የምትለው ቃል በደብዳቤ ስትመጣና ከራሱ ስኒ ሲስባት አንድ አይደለችም።

ያደረው ቡና ራሱ የት ይሄዳል? ለውጭ ገበያ የማይበቃው ለአገር ውስጥ ይሸጣል። ዞሮ ዞሮ ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ ይመለስና ተቆልቶ ተወቅጦ በአራት ሰዓት ቡና ላይ ይቀርባል። ሠራተኞቹ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ስብሰባ ላይ «ሌላ አስተያየት ያለው?» ሲባል ጣሪያ ያይ የነበረው ሁሉ አቦሉ ላይ አፉ ይፈታል። መፈልፈያው ቀበቶው ሊበጠስ እንደደረሰ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የሦስት ሰዓቱ ነገር የማን ጥፋት እንደሆነ ቶናው ሳይቀዳ ይታወቃል። ያልመጣው ማናጀሩ ብቻ ነው፤ ሪፖርት ይጽፋል። ቡናው ትንሽ ጠላ ጠላ ይላል። ስኳር ይጨመርበታል።

በሚቀጥለው ዓርብ ማናጀሩ ዘዴ ቀየረ። ቴሌግራሙን ተወና ስልክ ደወለ። ሽማግሌውን መፈተን እንዳይመስልበት ጥፋቱን ወደ ራሱ አዞረ።

«አባባ፣ እኔ ዛሬ ጭንቅላቴ አልሠራ ብሎኛል። ምን እንደነገርኩዎት እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አይዞህ ልጄ። መኪናው ዛሬ ማታ በሦስት ሰዓት ይገባል። አርባ ኬሻ ነው። እኔ እመዝናለሁ፣ ማሽኑ ወዲያው ይነሳል…»

«ትክክል።»

«…ናፍጣ ከተገኘ።»

«እንዴት ናፍጣ ከተገኘ?»

«ጄኔሬተሩ ደርቋላ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

«እኔ እኮ ረቡዕ ደውዬ ሁሉ ዝግጁ ነው ወይ ስልዎት እሺ ብለውኛል!»

በስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ተሰማ።